በወንድማችን አነጋገር መሳቅን ማን ፈቀደልን?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁበት ጉዳይ አብዛኞቻችን ከወንጀል ሳንቆጥረው፣ እንዲያውም የጨዋታ ማጣፈጫ አድርገን የያዝነው ነው። ይኸውም በሰው አነጋገር መሳቅ ነው። አንዱ «ገና ከገጠር መግባቱ ነው» ተብሎ፣ ሌላው «አማርኛው አልበሰለም» ተብሎ፣ ሌላው ደግሞ «ይኼ የመርካቶ ሰው» ተብሎ አፉን ገና ሲከፍት ይሳቅበታል። ሐሜት ሐራም መሆኑን የሚያውቅ፣ ወለድ የማይነካ፣ ሶላቱን በጀማዓ የሚሰግድ ሰው እንኳ የወንድሙን አነጋገር እየተከተለ አፉን ሲያጣምም ቅር አይለውም። እንግዲህ ይህ ነገር በሸሪዓ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚመዝን እንመልከት።

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ዋና መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በእኛ በኩል ነው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲቋቋምም ከተማችን እንደ ሰበታ፣ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ በእርሱ ሥር ተጠቃላለች። ስለዚህ የመስጂዳችንን ሶፍ ያየ ሰው የአገሪቱን ካርታ ያየ ያህል ነው። ከወረባቦና ከከሚሴ የመጣው፣ ከወራቤ የመጣው፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከባሌ የመጣው፣ እዚሁ አፈሩ ላይ ተወልዶ በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታው፣ የቤት ኪራይ ሲወደድበት ከአዲስ አበባ ወጥቶ እዚህ የሰፈረው፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቆማል። ኢማሙ «አላሁ አክበር» ሲሉ ልዩነት የለም። ልዩነቱ የሚጀምረው ካሰላመትን በኋላ፣ አፍ ሲከፈት ነው።

አንድ ምሽት በመግሪብና በዒሻእ መካከል አንድ ወጣት ነሲሓ ሊያደርግልን ተነሳ። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቂርአቱን ጠንቅቆ የቀራ ልጅ ነው። ርዕሱ የጎረቤት ሐቅ ነበር። እንደኛ ሰፈር ባለ፣ በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት አባወራ ተከራይቶ በሚኖርበት ቦታ ከዚህ የበለጠ አንገብጋቢ ርዕስ ከየት ይገኛል? ልጁ ሁለት ሐዲስ ጠቅሶ ወደ ማብራሪያው ሲገባ አንድ የአማርኛ ግሥ አልታዘዝ ብሎት ተንተባተበ። ከኋላ በኩል ሳቅ ተሰማ። ታፍኖ የወጣ ሳቅ ነበር፤ ግን ተሰማ። ልጁ ንግግሩን አሳጥሮ ዱዓእ አደረገና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ «ተነስና አስታውሰን» ሲባል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አፉ በሉኝ» ይላል እንጂ አይነሳም። የጎረቤትን ሐቅ ሳንማር ቀረን። በዚያች ሳቅ ማን ምን እንዳተረፈ እስካሁን አልገባኝም።

ሱብሐነላህ! እንዲህ ዓይነቱ ነገር በመስጂድ ውስጥ ከሆነ፣ በውጭ ያለውንማ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል? ቤት ሊከራይ ስልክ የደወለ ሰው ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት «ከየት አካባቢ ነህ?» ይባላል። ጥያቄውን የወለደው አነጋገሩ ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን በሚቀርቡ ጭውውቶች ውስጥ ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ቆጣቢው ነጋዴ ምን ዓይነት ዘዬ እንደሚሰጣቸው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሐኪሙና ዳኛውስ በማን አነጋገር ነው የሚናገሩት? ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ያድጋሉ። ኋላም ከወሎ የመጣች አያታቸው ጓደኞቻቸው ፊት አፏን ስትከፍት ጆሯቸው ይቀላል።

ቀልዱ ደግሞ ሁልጊዜ ቀልድ ሆኖ አይቀርም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በከተማችን ብዙ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ፣ በኋላም ከሰሜን በኩል የሚመጡ መንገደኞች ወደ አዲስ አበባ እንዳይገቡ በኬላ መመለሳቸው ብዙ ባነጋገረባቸው ጊዜያት፣ የሰው ጆሮ ሌላ ሥራ ያዘ። አነጋገርን እየሰሙ «ይህ ከእነማን ነው?» ማለት ተለመደ። ታክሲ ውስጥ ዝም ማለትን የመረጡ ሰዎችን አውቃለሁ። ሒሳብ ሲከፍሉ እንኳ ገንዘቡን ብቻ ይዘረጋሉ፤ «ወራጅ» የሚልላቸው አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ነው። ትናንት ያሳቀን ዘዬ ዛሬ ሰውን አፉን አስይዞ አስቀመጠው ማለት ነው። ጆሯችን አስቀድሞ በጨዋታ ባይሰለጥን ኖሮ ለዚህኛው ሥራ እንዲህ ፈጥኖ ባልደረሰም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሩም 22ኛው አንቀጽ ላይ የሰማያትንና የምድርን አፈጣጠር፣ ከዚያም የቋንቋዎቻችንንና የመልኮቻችንን መለያየት ከተአምራቱ ቆጥሯቸዋል። አስተውሉ! የአንደበታችን መለያየት ከሰማይ መዘርጋት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው የተነሳው። በተራራ ላይ የሚስቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ደግሞ ሕዝብ በሕዝብ ላይ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ ተከልክለዋል፤ የተሳለቁባቸው ከእነርሱ የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉና። ክልከላው ግልጽ ነው፤ «በጨዋታ ከሆነ ግን ችግር የለውም» የሚል ቅጥያ የለውም።

በሰው አንደበት መሳለቅ የማን ፀባይ እንደነበረ ለማወቅ የሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ማየት ነው። ሙሳ ወደ ፊርዐውን ሲላክ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት ጌታውን ለመነ፤ ይህም በሱረቱ ጣሃ ሰፍሯል። በሱረቱል ቀሶስ እንደምናነበው ደግሞ ወንድሙ ሃሩን ከእርሱ ይልቅ አንደበተ ርቱዕ መሆኑን ተናግሮ አብሮት እንዲላክ ጠየቀ። አላህ (ሱ.ወ.) ሃሩንን ረዳት አድርጎ ሰጠው። መልእክተኛው ግን ያው ሙሳ ነበር፤ በጡር ተራራ የተናገረውም እርሱን ነው። እና በሙሳ አንደበት ማን ተሳለቀ? በሱረቱ ዙኽሩፍ 52ኛው አንቀጽ ላይ እናገኘዋለን፤ ፊርዐውን ነው! በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ ንግግሩን እንኳ ለመግለጽ ከሚቸገረው ከዚህ ወራዳ እኔ አልሻልምን ብሎ የደነፋው እርሱ ነው። ክርክሩን በማስረጃ መመለስ ሲያቅተው ወደ አነጋገሩ ዞረ። ዛሬም የሐሳብ መልስ ያጣ ሰው «እስቲ መጀመሪያ አማርኛ ቻል» ሲል ስሰማ የሚመጣብኝ ይኸው አንቀጽ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ቢላልም እኮ ‹ሸ› ማለት ተስኖት ‹አስሀዱ› ይል ነበር፤ አላህ ዘንድ ግን የቢላል ‹ሰ› ‹ሸ› ናት» እያለ የሚተርከው ታሪክ አለ። ሐሳቡ ደግ ይመስላል፤ ድሃና ኮልታፋ የሆነውን ለማጽናናት የሚነገር ነው። ነገር ግን ኢማም አልሚዚና ተማሪያቸው ኢብኑ ከሲር ይህ ወሬ በሰው አፍ ብቻ የሚዞር፣ መሠረት የሌለው መሆኑን ተናግረዋል። በአንጻሩ አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ አዛኑን በሕልሙ ያየው ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ ሆኖ ሳለ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምረው ያዘዙት የቢላል ድምፅ ከእርሱ ይልቅ ያማረና ርቆ የሚሰማ ስለነበረ ነው። እስቲ ይታያችሁ! በድምፁ ማማር የተመረጠውን ሰው ትውልድ ሲቀባበለው ኮልታፋ አደረገው። አንድ ሐበሻ ዐረብኛ አጣርቶ ሊናገር ይችላል ብሎ ማመን ለአንዳንዱ ጆሮ ከብዶት ይሆን? እኛ ሐበሾቹ ደግሞ ይህንኑ ተቀብለን፣ በኩራት ጭምር እንተርከዋለን። ይልቅ ብንተወው ጥሩ ነው።

እውነተኛ ምሳሌ ካስፈለገን ሱሀይብ (ረ.ዐ.) አሉ። በትውልዳቸው ዐረብ ናቸው፤ ነገር ግን በልጅነታቸው ሮማውያን ማርከዋቸው በሮም ምድር ስላደጉ ዐረብኛቸው የሮም ለዛ ነበረው፤ «ሩሚ» የተባሉትም ለዚሁ ነው። በኢማም አሕመድ ሙስነድ እንደተዘገበው ዑመር (ረ.ዐ.) «አንደበትህ የባዕድ ሆኖ ሳለ ወደ ዐረብ ትጠጋለህ» የሚል ትርጉም ያለው ነገር አንስተውባቸው፣ ሱሀይብም ታሪካቸውን አስረድተዋል። እንግዲህ ዑመር ይህን አነጋገር በሚገባ ያውቁት ነበር ማለት ነው። እኒሁ ዑመር ግን በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ በሱብሒ ሶላት ላይ ተወግተው ሊሞቱ ሲያጣጥሩ፣ ስድስቱ ሶሐቦች ተመካክረው ተተኪ እስኪመርጡ ድረስ በመዲና ሰዎችን እንዲያሰግዱ ያዘዙት ሱሀይብን ነበር። ከኋላቸው የቆሙት እነማን ነበሩ? ዑስማን፣ ዐሊይ፣ ዙበይር፣ ዐብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ፣ ከዐረብ ሁሉ በላይ አንደበታቸው የጠራ ቁረይሾች! የዑመርን ጀናዛም ያሰገዱት ሱሀይብ ናቸው። ከኋላ ሶፍ ሳቅ ተሰማ የሚል ዘገባ አላነበብኩም።

የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አኽላቅ ካነሳን ደግሞ የኡሙ ኻሊድን ሐዲስ መተው አይቻልም። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደው እዚሁ የተወለደች ሕፃን ነበረች። ወደ መዲና ከተመለሱ በኋላ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያማረ ልብስ በእጃቸው አልብሰዋት፣ በልብሱ ላይ ያለውን ጥለት እያሳዩ «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት። ቡኻሪ ዘግበውታል፤ ቃሉ በሐበሻ ቋንቋ «ያማረ» ማለት እንደሆነም ተገልጿል። ከግዕዙ «ሠናይ» ጋር ዘመድ መሆኑን የእኛ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ልጅቱ የባዕድ አገር ለዛ ይዛ መጥታ ሊሆን ይችላል። በዚያ አልተሳቀባትም፤ በዓለም ላይ ከሁሉ የላቀው አንደበት ወደ እርሷ ቋንቋ ወረደላት። እኛ ጋ ከገጠር የመጣች ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ የሚጠብቃትን አቀባበል ከዚህ ጋር አስተያዩት።

እዚህ ላይ «ታዲያ ቁርኣንን እንዳሻን እንቅራ ማለትህ ነውን?» የሚል ሰው ይኖራል። በፍጹም! የቁርኣን ሐርፍ የራሱ መውጫ አለው፤ ትርጉም የሚቀይር ስሕተት መታረም አለበት፤ ተጅዊድ መማርም ለዚህ ነው። ግን ማረም ሌላ፣ መሳቅ ሌላ። ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ፣ ቁርኣንን እየተቸገረና እየተንተባተበ የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ተነግሯል። ሁለት ምንዳ በተጻፈለት ሰው ላይ መሳቅ ምን ይባላል? ዑመር (ረ.ዐ.) ሒሻም ኢብኑ ሐኪም ሱረቱል ፉርቃንን እርሳቸው ከተማሩት በተለየ አኳኋን ሲቀራ ሰምተው ልብሱን ይዘው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የወሰዱትን ታሪክም አስታውሱ። ነብዩ መጀመሪያ ያሉት ልቀቀው ነው። ከዚያ ሁለቱንም አስቀርተው ሁለቱም እንደዚያ መውረዱን አረጋገጡላቸው፤ ቁርኣን በሰባት ሐርፎች ወርዷልና። ዛሬም ሞሮኮ በወርሽ፣ ሱዳን በዱሪ፣ እኛ ደግሞ በሐፍስ እንቀራለን።

ደግሞስ የእኛ የአማርኛ ተናጋሪዎቹ አፍ ምን ያህል የጠራ ሆኖ ነው? «ሐዲስ» ስንል የመጨረሻዋን ሐርፍ ሰ አድርገናታል። «አዛን» ስንል ዛልን ዘ አድርገናል፤ «ዙህር» ስንልም እንዲሁ። ቱርኮች «ኤዛን» እና «ራማዛን» ይላሉ፤ ፋርሶችም ረመዳንን በ«ዝ» ነው የሚጠሩት። ሁሉም ሕዝብ ኢስላምን የተቀበለው በራሱ አፍ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የ«ሐ» እና የ«ዐ» ነገር ነው። ፊደላችን ላይ አሉ፤ አፋችን ላይ ግን ጠፍተዋል፤ ሀ፣ ሐና ኀ ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ናቸው። ስለዚህ በፋቲሐ ውስጥ «አልሐምዱ» የምትለውን ቃል አጣርቶ ለመጥራት ከተማ ተወልዶ ያደገው ልጅ ወራት ይፈጅበታል። ሶማሌው፣ ዐፋሩና ትግርኛ ተናጋሪው ግን እነዚህን ሁለት ድምፆች ከእናቱ ጡት ጋር ነው ያገኛቸው። ገበያ ላይ በአማርኛው የሚሳቅበት ያ ሰው ሶላት ላይ ሲቆም የሚስቅበትን ያስከነዳል። ባለፈው አንድ የሰፈራችን ወጣት አንድ የሶማሌ ሽማግሌን «ሸህ፣ ይቺን ዐይን እንዴት ነው የሚያወጧት? እስቲ ያሳዩኝ» ሲላቸው ሰማሁ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን በጣታቸው እየጠቆሙ «ከዚህ ነው ልጄ፣ ከዚህ» እያሉ በዚያ በሚሳቅበት አማርኛቸው አስረዱት። ደስ አለኝ።

ለነገሩ በእኛ በለገጣፎ ለገዳዲ ነዋሪዎች ላይ የሚያስቅ ሌላም ነገር አለ። የከተማችን ስም የአፋን ኦሮሞ ስም ነው፤ «ለገ» ወንዝ ማለት ነው። «ለገዳዲ» ከምንለው ውስጥ የመጨረሻዋ ድምፅ ግን «ዲ» አይደለችም፤ «ዺ» ናት። ስንቶቻችን ነን አሥርና አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ኖረን የምንኖርበትን ቦታ ስም አስተካክለን የምንጠራ? ባለአገሩ ግን አልሳቀብንም። እውነቱን ለመናገር የሚስቅም አይጠፋም፤ ከወሎ የመጣው ባለሱቅ እንደምንም ብሎ በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ሲሞክር ከት ብለው የሚስቁበት ልጆች አሉ፤ ባለሱቁም ሁለተኛ አይሞክርም። ሑጁራት ለሁለቱም ወገን ነው የወረደው።

ስለ እህቶቻችንም አንድ ነገር ልበል። ከጂዳና ከሪያድ የተመለሱ እህቶች ዐረብኛ ይናገራሉ። ዐረብኛቸው በማዕድ ቤት፣ ከልጆችና ከአሮጊቶች ጋር ሲውሉ የለቀሙት ነው፤ ሰዋስው የለውም። መድረሳ የገቡ አንዳንድ ወጣቶች ይህን ዐረብኛ እየደጋገሙ ሲስቁ ሰምቻለሁ። ያ ዐረብኛ ግን ለስንት ቤት ቆርቆሮ ገዝቷል፤ ስንቱን ታናሽ ወንድም አስተምሯል፤ ምናልባት ከሚስቁት መሐል የአንዱን የመድረሳ ክፍያ ሳይከፍል አይቀርም። በአንጻሩ ከሁለት ዓመት ትምህርት በኋላ አማርኛውን ሁሉ እንደ ዐረብ ከጉሮሮው እያወጣ የሚያወራም አለ። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ በቂያማ ቀን ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሚርቁት መካከል ለታይታ አፋቸውን እየሞሉና መንጋጋቸውን እየጠመዘዙ የሚናገሩ ሰዎች ይገኙበታል። ተንተባታቢ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ከወንድም ጋር መጫወት ክልክል ነው አላልኩም። ሁለት የስልጤና የወሎ ጓደኛሞች በሻይ ቤት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን አነጋገር እያነሱ ሲጫወቱ፣ ሁለቱም እኩል እየሳቁ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ የምፈርድበት ምክንያት የለኝም። መለያው ቀላል ነው፤ የተሳቀበት ሰው ይስቃል ወይስ ይቀላል? ከዚያ በኋላስ ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ባነወሩት ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃሂሊያ ፀባይ ያለብህ ሰው ነህ ብለዋቸዋል። የቡኻሪ ዘገባ ነው። እናት ስንል ደግሞ የሰው አነጋገር ከእናቱ ሌላ ከማን የመጣ ነው?

ሙስሊሙ ማኅበረሰብ በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ ጉዳይ ሲነሳ የመረጠውን መፈክር እናስታውሳለን፤ «ድምፃችን ይሰማ» ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ የመስጂዶችን መፍረስ በመቃወም በታላቁ አንዋር መስጂድ ድምፁን ያሰማውም ሕዝብ የሁሉም አካባቢ ሕዝብ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ሕይወታቸውን ያጡም አሉ፤ አላህ ይማራቸው። በዚያን ቀን «ያላህ» የሚለው ጩኸት የወሎ ነው፣ የጅማ ነው፣ የወራቤ ነው ብሎ የለየው ጆሮ አልነበረም።

እንግዲህ ከመስጂዳችን እንጀምር። የማታ ነሲሓ የሚያቀርቡ ሰዎች ተራ ሲወጣ «አማርኛ የሚችል» ተብሎ ሳይሆን ዒልም ያለው ተብሎ ይመረጥ። አማርኛው ያስቸገረው በአፋን ኦሮሞ ይናገርና አንድ ሰው ይተርጉምለት፤ ብዙዎቻችን ያለ ተርጓሚም እንሰማለን። ለልጆቹ ቁርኣን ትምህርት ደግሞ እኚያ የሶማሌ ሽማግሌ በሳምንት አንድ ቀን «ሐ» እና «ዐ»ን እንዲያስጠኑ ይለመኑ፤ ዕድሜያቸው ቢገፋም እሺ የሚሉ ይመስለኛል። ያ ወጣትም የጀመረው የጎረቤት ሐቅ አልቋጨም። ያን ምሽት በመስጂዱ የነበርን ሁሉ ቤቱ ድረስ ሄደን «ወንድማችን፣ ቀሪውን ንገረን» ብንለው መልካም ነው። ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።